ሠላሳ ሺህ ፍሬ ቆሮሶ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይሄን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ የምኮራበትን እኮራበታለሁ፣ ማንም አፌን አይዘጋውም። ያን ጊዜ ሐይቁ ላይ ያለቀውን ዓሣ በመረብ የጨረሱት ወንዶቹ ናቸው፤ በእስክሪብቶ የጨረስኩት ግን እኔ ገበያነሽ ነኝ።

ባሌ ኩማ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። አርባ ሰው፣ አሥር የእንጨት ጀልባ። እኔ ደግሞ ጀልባዎቹ ጠዋት ሲመለሱ ጠብቀው ቅርፊት ከሚፍቁትና ሆድ ዕቃ ከሚያወጡት ሴቶች አንዷ ነበርኩ፤ ዋናዋ ብል ውሸት አይሆንም፣ ቢላዬን የሚቀድም አልነበረም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ ወንዶቹ "እኛ ሐይቅ ላይ ነን" እያሉ አመለጡ። እኔ ከነዓሣ ሽታዬ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ተማርኩ፣ ምስክር ወረቀቴንም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ውስጥ ወረቀት የሚባል ነገር ሲመጣ "ለገበያነሽ ስጧት" ሆነ።

በ1973 ዓ.ም. ፋሲካ እንዳለፈ ከላይ አንድ ቅጽ መጣ። በጾሙ ወራት ያወጣችሁትን ዓሣ ሙሉ ይላል። የኦርቶዶክሱ ጾም ለእኛ የመኸር ወቅት ነው፤ መኪና ከአዲስ አበባ ድረስ በረዶ ጭኖ ይመጣል። እኔና ኩማ ጴንጤዎች ነን፣ ሁዳዴን አንጾምም፤ ሁዳዴ ሲገባ የእኛን ያህል ደስ የሚለው ግን አልነበረም። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ "በኪሎ" ይላል፣ ሌላው "በፍሬ"። እኛ ሚዛን የሚባል ነገር አልነበረንም። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚቆጠረው በድርድር ነው፤ ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን የፊላ ሣር ቅጠል በዓሣው ጉንጭ አስገብተን በአፉ እናወጣና አሥር ስንሞላ አንድ ድርድር እንለዋለን። ትልቅም ይሁን ትንሽ አሥር አሥር ነው። ስለዚህ የኪሎውን ባዶ ተውኩና በፍሬው ሥር በሚያምረው ጽሕፈቴ 30,000 ብዬ ጻፍኩ። ኩማ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ።

መልሱ በዓመቱ፣ ጾሙ ሳይገባ መጣ፤ ይዞት የመጣው ጓድ ጉልላት የሚባል ካድሬ ነው። ቀጭን፣ ወጣት፣ ጫማው አሸዋ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ የሚራመድ። ማኅበሩን ሰብስቦ "የዘንድሮ ዕቅዳችሁ ስድሳ ሺህ ፍሬ ነው" አለ።

ኩማ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "ጓድ፣ ሐይቁ እኮ ያው ሐይቅ ነው" አለው።

"ሐይቁ ያው ነው፤ መረቡ ይለወጣል" አለና መጋረጃ የመሰለ ነጭ መረብ ከመኪናው አስወረደ። የእኛ መረብ ዓይኑ አራት ጣት አንድ ላይ ያስገባል። የዚህ ዓይን ሁለት ጣቴን ብቻ አስገባ። እኔ ጣቴን ከትቼ ሳየው አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ኩራት ነው። ቁጥሬ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በዚያ ታምኖበት፣ እጥፍ ሆኖ መመለሱ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጅል ነበርኩ።

ትንንሹ ዓሣ የሚውለው ዳር ዳሩን ፊላው ውስጥ ነው፤ ውሃው ጉልበት ድረስ በሆነበት፣ ሣሩ በሚጠልፍበት። የቀድሞ ሰዎች እዚያ መረብ አይጥሉም ነበር። ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ "መረብ ይቀደዳል" ነበር መልሳቸው። አዲሱ መረብ ግን ቢቀደድም ሌላ ሞልቷል፤ ስለዚህ ወንዶቹ ፊላው ውስጥ ጣሉት። እናም ቁጥሩ ሞላ። ስድሳ አንድ ሺህ። ማኅበሩ ቀይ ሰንደቅና አንድ ሬዲዮ ተሸለመ፤ ሬዲዮዋ የእኛ ቤት ተቀመጠች፣ ጎረቤት ሁሉ ዜና ሊሰማ ይመጣ ነበር።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀው ጭንቅላቴ ሳይሆን እጄ ነው። ድሮ አንድ ቆሮሶ፣ ያን የሐይቃችንን ዋና ዓሣ፣ ስይዝ መዳፌን ሞልቶ ይተርፍ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ጥር ላይ መዳፌ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ሆነ። ፍቄ ሳልጨርስ ያልቃል። ድርድሩ ያው አሥር ነው፤ ግን በአንድ እጄ አምስት ድርድር አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። አሞራ ገደል የሚቆሙት አባ ኮዳዎች እንኳን፣ ያ ራሰ በራ ወፍ፣ ከእኛ የሚወጣው ሆድ ዕቃ ስላልበቃቸው ወደ ቄራው ሄዱ።

የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ከመጣው ዓሣ ውስጥ አንዲት በሕይወት ያለች ቆሮሶ አገኘሁ። ጉንጯ ተነፍቷል። ልከፍታት ስል አፏ ውስጥ ብጫ ብጫ እንቁላል አየሁ። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አፏ ውስጥ እንቁላል የተገኘባትን ዓሣ እኛ ሴቶቹ "ሆዳሟ" እንላታለን። የራሷን እንቁላል ትበላለች እንላለን፣ እየተሳሳቅን አፏን እናራግፋታለን። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ያን ዕለት ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ "እስኪ ስትውጥ ልይሽ፣ አንቺ ሆዳም" ብዬ ሳፋ ውስጥ ከሐይቁ ውሃ ጨምሬ አስቀመጥኳት። ቤት ወሰድኳት። ጠዋት ማታ ውሃዋን እቀይራለሁ።

አልዋጠችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ምንም አልበላችም። ከሳች። አፏን ከፈት ከደን ታደርጋለች፣ እንቁላሉን ታገላብጠዋለች። በዘጠነኛው ቀን ልብስ ላጥብ ጎንበስ ስል ሳፋው ውስጥ ጤፍ የሚያህሉ ነገሮች ሲርመሰመሱ አየሁ። ዓይንና ጭራ ብቻ። እናታቸውን ከበው ይዋኛሉ። እጄን ዘረጋሁ። የእጄ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁሉም ተሰብስበው አፏ ውስጥ ገቡ። ከደነችው።

እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። ስንቷን እናት ሆዳም እያልኩ ልጆቿን አባ ኮዳ እግር ሥር ደፍቻለሁ።

ኩማ ከሐይቅ ሲመለስ እጁን ይዤ ሳፋው ጋ አቀመጥኩት። እጄን ዘረጋሁ፣ ገቡ። ሳነሳው ወጡ። አምስት ጊዜ አሳየሁት። ኩማ ራሱም እጁን ዘርግቶ አየ። ከዚያ "ፊላው ውስጥ ስንት መረብ አለን?" አለኝ።

"ሃያ ስድስት።"

"ሃያ ስድስት" አለ። ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ሃያ ስድስቱን መረብ ከፊላው አስወጣና ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። "ከእንግዲህ አራት ጣት ብቻ፣ ከፊላው ውጭ ብቻ" ብሎ ለአርባው ሰው ተናገረ። ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ጾሙ ገባ። በቀን የሚመጣው ዓሣ ከዕቅዱ ሩቡን አይሞላም። ሐይቁ ተመጥምጦ ነበራ፤ በአራት ጣት መረብ የሚያዝ ትልቅ ዓሣ ከየት ይምጣ? ጓድ ጉልላት በየቀኑ እየመጣ ድርድር ይቆጥር ጀመር። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። አሁን ሳስበው እሱም ለራሱ ፈርቶ ነበር፤ ያኔ ግን ማን ያዝንለታል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሁለት ጥበቃ ይዞ መጣና ኩማን ከጀልባው ላይ አስወረደው።

"የኢኮኖሚ አሻጥር" አለ። "መንግሥት የሰጠውን መረብ ቆልፎ ዕቅድ ማክሸፍ። በዚያ ላይ ጴንጤ ነው።"

በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። በአሻጥር ተይዘው የሄዱና ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ኩማ እርጥብ ሱሪውን እንዳጠለቀ ሄደ። ቀበሌው ጓሮ ባለች ቆርቆሮ ቤት ዘጉበት። ምሳ ስወስድለት በበሩ ቀዳዳ "ዓሣዋ እንዴት ናት?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ስለ እሱ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ስለ ዓሣዋ።

ቤት ተቀምጬ አሰብኩ። ስድሳ ሺህ የሚለው ከየት መጣ? ከሠላሳ ሺህ። ሠላሳ ሺህን ማን ጻፈው? ባሌን ቆርቆሮ ቤት ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ምስክር ወረቀት ቀድጄ ልጥለው ተነሳሁና ተውኩት። በጽሕፈት የገባሁበት ከሆነ በጽሕፈት እወጣለሁ አልኩ።

ስምንት ቀን ቆይቶ ስብሰባ ተጠራ። ከክፍለ ሀገሩ አንድ ባለ መነጽር ሹም ይመጣል፣ አሞራ ገደል ላይ ሕዝቡ ባለበት የኩማ ጉዳይ ይታያል ተባለ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ሰው ፊት አዋርደው ሊወስዱት ነው። ያን ጠዋት የከተማችን ፒያሳ ሄድኩ። እዚያ ጋሼ ኑሪ በርበሬና ቡና ይነግዳሉ፤ ትልቅ የቁም ሚዛን አላቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ጋሼ ኑሪ፣ ሚዛንዎን ለግማሽ ቀን ያውሱኝ" አልኳቸው።

"ምን ልትመዝኚበት ነው?"

"ዓሣ።"

"በርበሬዬ ዓሣ ዓሣ ሊሸት ነው?"

"ባሌ ታስሯል፣ ጋሼ።"

ጋሪ ጠሩ፣ ሚዛኑን አስጫኑ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ከጋሪው ጎን እየተራመዱ ተከተሉኝ።

አሞራ ገደል ሰው ሞልቷል። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጉልላት ከጎናቸው ቆሟል፣ ኩማ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል። ጉልላት ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ፤ በ1973 ሠላሳ ሺህ፣ በ1974 ስድሳ አንድ ሺህ፣ ዘንድሮ እስካሁን አምስት ሺህ። "አምስት ሺህ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመው።

እጄን አወጣሁ። ሴት እጅ ታወጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረምና ሁሉም ዞረ። "ያንን ሠላሳ ሺህ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "አሻጥረኛ ከተፈለገ እኔ ነኝ። ግን ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንመዝን።"

ጉልላት "ጊዜ የለንም" አለ።

ደሜ ፈላ። እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ስለው ነበር። "አንተ ልጅ፣ ስምንት ቀን ባሌን ቆልፈህ ዛሬ ጊዜ የለኝም ትላለህ?" አልኩት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። ሹሙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና "ትመዝን" አሉ።

በዋዜማው ማታ ከመጋዘን አንዱን ነጭ መረብ ሆን ብዬ አውጥቼ ፊላው ውስጥ አስጥዬ ነበር፤ አሥር ትንንሽ ይዟል። ከአሥሩ ጀልባ ደግሞ በአራት ጣት መረብ የተያዙ አሥር ትልልቅ አጠራቅሜ ነበር። ሁለት ድርድር። የትንንሾቹን ድርድር ሚዛኑ ላይ ጣልኩ። ጋሼ ኑሪ ጎንበስ ብለው "አንድ ኪሎ" አሉ። የትልልቆቹን ጣልኩ። "አራት ኪሎ። ትንሽ ያልፋል" አሉ።

ከሰል አነሳሁና በአንዱ ጀልባ ጎን ላይ ሰው ሁሉ እያየ ጻፍኩ። ሠላሳ ሺህ ትልልቅ፣ መቶ ሃያ ኩንታል። ስድሳ ሺህ ትንንሽ፣ ስድሳ ኩንታል። "እጥፍ ቆጥረን ግማሹን ነው ያወጣነው" አልኩ። "ሰንደቅ የተሸለምነው ለግማሹ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የሚበላው ሥጋ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም።"

ጉልላት ከሰሉን አንዴ ያያል፣ ወረቀቱን አንዴ ያያል። ሹሙ "እሺ፣ ታዲያ ትልልቁ የት ሄደ?" አሉ።

ሳፋዬን አመጣሁና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ። እናትዬዋ አለች፣ ልጆቿ ዙሪያዋን ይርመሰመሳሉ። ሹሙ ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ተንሸራተተና ሳፋው ውስጥ ጠብ አለ። አንድ አፍታ ነው። ሳፋው ውስጥ ከእናቲቱ በቀር ምንም የለም።

"ወዴት ሄዱ?" አሉ፣ ዓይናቸውን እያጨነቆሩ።

"ከእርስዎ መነጽር ፈርተው እናታቸው አፍ ውስጥ ገቡ። ልጆቿን የምታሳድገው እንዲያ ነው። እኛ ፊላው ውስጥ መረብ የጣልነው በዚህች ላይ ነው። አንዷን ስንይዝ ከነልጆቿ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማን ሊቀር? ባሌ መረቡን ያወጣው ይሄን አይቶ ነው። ዕቅድ ማክሸፍ ብትሉትም፣ ዕቅዱን ያዳነው እሱ ነው።"

ወንዶቹ ሁሉ እየተጋፉ መጡ። ሃያ ዓመት ሐይቅ ላይ የኖረ ሰው ሳፋ ላይ አጎንብሶ አፉን ሲከፍት ማየት አንጀቴን አራሰው። ልጆቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ደግሞ ሹሙ ጣታቸውን ዘረጉ፣ እንደገና ገቡ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሹም መሆናቸውን ረስተውት ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን አውጥተው በሸሚዛቸው ጠረጉና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

"ከእንግዲህ ዕቅዱ በኪሎ ይሆናል" አሉ። "ለመጪው ጾም መቶ ሃያ ኩንታል፣ በራስሽ አፍ ያልሽው። ካልሞላ አንቺም እሱም ተጠያቂ ናችሁ። ጓድ ጉልላት፣ ጻፈው። ዋስ ማን ነው?"

ዋስ የሚሆን ሰው ከየት ላመጣ ስል ጋሼ ኑሪ "ሚዛኔን ካዋስኩ ስሜንም ላውስ" አሉና ፈረሙ። እኔ ፈረምኩ፣ ኩማ ፈረመ፣ ጉልላት ምስክር ሆኖ ፈረመ። ባሌን በእጁ ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት። የዚያን ዕለት ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም፤ ዓመት ረጅም ነው። ፊላው ተዘጋ፣ ትልቅ ዓሣ ገና የለም፣ አርባ ቤት ተራበ። "ለገበያነሽ ቃል ብለን ልጆቻችን ይራቡ?" የሚል ማጉረምረም ጀመረ። እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ሳልፍ ይቀጥላሉ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ዳር ቆሜ ነፋስ ሳይኖር ፊላው ሲነቃነቅ አየሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ክረምት ነውና ውሃው ሞልቶ ደረቴ ደረሰ። ደምሴ ነው፣ ከአርባዎቹ አንዱ፣ ከነጩ መረብ ቁራጭ ደብቆ ኖሯል። መረቡን ከእጁ ነጠቅኩት። አፌ ውስጥ የነበረውን ስድብ ሁሉ ደፋሁበት፣ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሬ። ጨርሼ ስተነፍስ እሱ ውሃው ውስጥ እንደቆመ "ሚስቴ አራስ ናት፣ ገበያነሽ" አለኝ። "እሷ ምን በልታ ታጥባ?"

ስድቤ አለቀብኝ። ሳፋው ውስጥ ለነበረችው እናት እያዘንኩ ቤቱ ያለችውን አላሰብኩም ነበር። ያን ዕለት ከኩማ ጋር ተማከርንና ማኅበሩን ሰበሰብን። ደምሴ ከጀልባ ወርዶ የፊላው ጠባቂ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ጀልባ በየቀኑ አንድ አንድ ዓሣ ይሰጠው ተባለ። መጀመሪያ አጉረመረሙ። ግን አሥር ዓሣ በቀን ቤቱ ሲገባ ያየ ሰው ጠባቂነት ክብር መሆኑ ገባው። ደምሴን የመሰለ ጠባቂም አልነበረም፤ መደበቂያውን ሁሉ ያውቀዋላ። ያ ደንብ እስከ ዛሬ በእኛ ቤት የጠባቂ ዓሣ ይባላል።

የ1976 ጾም ገባ። ከጋሼ ኑሪ የተዋስነው ሚዛን አሞራ ገደል ዛፍ ሥር ተተከለ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ኩንታል። ከሁለት በላይ ያስፈልገናል። በሁለተኛው ሳምንት ያው አንድ። ኩማ ምግብ አይበላም። እኔ ትራስ ሥር አንድ ሹራብና አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፤ መጥተው ሲወስዱት ባለፈው እርጥብ ሱሪውን ለብሶ እንደሄደው እንዳይሄድ። ለራሴም አንድ ጠቀለልኩ። ጉልላት በየቀኑ ይመጣል፣ ሚዛኑን ያያል፣ ይሄዳል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ዳር ቆሜ ቢላ ስሞርድ ከሐይቁ ላይ ድምፅ ሰማሁ። የሚዘምር ሰው። ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ጀምሮ እኛ የምንዘምረው ቤታችን ውስጥ፣ በር ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን ሐይቁ መካከል ሆኖ በሙሉ ድምፁ ይዘምራል። ማን ነው ይሄ ያበደ ብዬ ዓይኔ ላይ እጄን ጋረድኩ። ኩማ ነው። ያ በቀን አሥር ቃል የማይናገረው ባሌ። ጀልባዋ ከወትሮው ጠልቃለች፤ ዓሣው እግሩን ሸፍኖታል። ከኋላው ሌላ ጀልባ፣ ከዚያ ሌላ። አሥሩም እንደዚያው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ቆሮሶ አነሳሁ። መዳፌን ሞልቶ በሁለቱም በኩል ተረፈ። ምን ልበላችሁ፣ ጉንጩን ሳምኩት። ከፊላው የወጡ ልጆች ናቸው፤ አፍ ውስጥ ያደጉ፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካቸው። ያን ቀን አራት ኩንታል። በማግስቱ አራት ተኩል። ጋሼ ኑሪ በርበሬያቸውን ትተው ሚዛኑ ሥር መዋል ጀመሩ፤ "አምስት" ብለው ሲጮኹ ፒያሳ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። አባ ኮዳዎቹ ከቄራ ተመለሱ፤ ጠግበው መብረር አቅቷቸው በእግራቸው ይንሸራሸሩ ጀመር። የደምሴ ሚስት ሕፃኑን አዝላ መጣች፤ ጉንጩ ቂቤ የተቀባ ይመስላል።

ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀር መቶ ሃያውን ኩንታል አለፍን። በሆሳዕና ማግስት ሹሙ ራሳቸው ሊያዩ መጡ፣ ጉልላትም አብሯቸው። ያኔ መቶ ሰማንያ ደርሰናል። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ኩማ እንዳለፈው ጊዜ መሬት ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ።

ቅጹን እዚያው ሰጡኝ። በኪሎው ሥር ጻፍኩ፤ አሥራ ስምንት ሺህ ኪሎ። ጉልላት በትከሻዬ አሻግሮ አየና "የፍሬው ዓምድ ባዶ ነው፣ ስንት ፍሬ ነው?" አለ።

"አልቆጠርኩም" አልኩት። በዓምዱ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመርኩበት። ሹሙ አዩትና ፈረሙ።

ከዚያ ሹሙ ከቦርሳቸው ያንን የዋስትና ወረቀት አውጥተው ለኩማ ሰጡት፤ ኩማ ለእኔ ሰጠኝ፣ ወረቀት ሁሌም ለእኔ ነው። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ወረቀት። ቀድጄ ልጥለው አሰብኩ። ግን ከሚዛኑ ላይ ከሁሉም ትልቁን ቆሮሶ፣ ኪሎ ሊሞላ የቀረበውን አነሳሁ፣ ሆዱን አጸዳሁ፣ በዚያ ወረቀት አጥብቄ ጠቀለልኩትና ለጉልላት ዘረጋሁለት።

"ውሰድ፣ ጓድ ጉልላት፣ የጾም ነው" አልኩት።

ሲቀበለኝ ጥቅሉ ላይ የራሱን ፊርማ አየ፤ ቀለሙ በውሃው መፍሰስ ጀምሯል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። "አንድ ፍሬ" አለኝ።

"አንድ ኪሎ" አልኩት።

ዓሣውን በብብቱ ይዞ፣ ጫማው አሸዋ ውስጥ እየገባ፣ ሳይጠነቀቅ ሄደ። እኔ ቤት ገብቼ ከትራሱ ሥር ሁለቱን ጥቅል አወጣሁና ፈታኋቸው፤ ሹራቡን ኩማ ለበሰው፣ የእኔን ብርድ ልብስ ለደምሴ ልጅ ሰጠሁት።